ሽማግሌ ፍል ውኃ ድረስ

በታኅሣሥ ሁለተኛው እሑድ ረፋድ ላይ በወንዛዬ ፍል ውኃ፣ በወንዶቹ በኩል፣ የነበርነው አያ ደሞዝና እኔ ብቻ ነን። ሽማግሎቼ ቄስ ይሄይስ፣ አያ አዛናውና አያ ባየህ የደረሱት በኋላ ነው።

እኔ ከወረታ የሄድሁት ለመታጠብ አልነበረም፤ ሸሽቼ ነው። ያን ቀን ሦስቱ ሽማግሎች እየሩስን ለእኔ ሊጠይቁ ቁሐር ሚካኤል፣ አባቷ ቤት ይሄዳሉ። ሁለት ጊዜ ሄደው «የሉም» ተብለው ተመልሰዋል። ሦስተኛም አባቷ ከታጡ «ልጄን አልሰጥም» ማለት ነው፤ ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ ደጃፉን አይረግጥም። ጎረቤቱ ሁሉ «ምን አሉ?» እያለ ሲመጣ ፊቴን የት እንደማደርገው ስለማላውቅ ወንዛዬ ገባሁ።

ትንሽ ቆይቶ የማላውቃቸው አንድ ሰው ወደ ውኃው ወረዱ። በእንፋሎቱ ውስጥ የሚታየኝ ጢማቸው ብቻ ነው።

«ወገብዎን ያምዎታል አባቴ?» አልሁ።

«ኧረ እኔስ ደኅና ነኝ፤ ያመመኝ ሽማግሌ ነው። ዛሬም ቤቴ ይመጡብኛል። ሚስቴን ገላነሽን ‹ደሞዝ የለም በያቸው› ብያት መጣሁ። አንድ የወረታ ሩዝ ፈልፋይ እየሩስን ስጡኝ ይላል።»

ውኃው ድንገት የባሰ ፈላብኝ።

«ልጁ ምን አጠፋ?»

«ዲዳ ነዋ! ገላነሽ ሁለት ጊዜ ሩዝ ልታስፈለፍል ሄዳ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ‹እንዴት ዋልህ› ስትለው ወደ ሞተሩ ዞረ። ልጄን ለዲዳ ልስጥ?»

ወደ ሞተሩ የዞርሁት እርሳቸው የእየሩስ እናት መሆናቸውን ስላወቅሁ ነበር።

«መጣሁ» ብዬ ወጣሁና ከድንጋይ ጀርባ ሆኜ ለቄስ ይሄይስ ደወልሁ።

«አባ፣ እዚህ ናቸው።»

«እነማን?»

«አያ ደሞዝ። ወንዛዬ፣ ውኃ ውስጥ።»

«አንተስ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«አብሬ ገብቻለሁ።»

«ከቅዳሴ ወጥተን መንገድ ላይ ነን፤ መኪናውን እናዞራለን። እስክንደርስ እንዳይወጣ አድርግ።»

ስመለስ አያ ደሞዝ አንድ እግራቸውን ከውኃው አውጥተዋል።

«ጀርባዎን ልሽልዎት» አልሁ።

ተመልሰው ተቀመጡ። ዝም ብዬ ባሽ ይወጣሉ ብዬ ማውራት ጀመርሁ። ስለ ሩዝ ገለባ አወራሁ። እርጥብ ሩዝ ለምን እንደሚሰባበር፣ ወንፊቱ በምን በምን እንደሚደፈን፣ ጎርፍ የተኛበት ማሳ ሩዝ ከሌላው በምን እንደሚለይ ነገርኋቸው። ሲያልቅብኝ እንደገና ወደ ገለባው ተመለስሁ። በዕድሜዬ የተናገርሁት ሁሉ ቢደመር ያን አያህልም።

«ኧረ ልጄ፣ ትንሽ ተንፍስ!» አሉ። «ቆዳዬም አለቀ።»

«ገና ትከሻዎ ቀርቷል።»

ሽማግሎቹ ሲደርሱ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ከውኃው ዳር ተሰልፈው ቆሙ። አያ ደሞዝ እስከ አገጫቸው ጠለቁ።

«ደሞዝ የለም» አሉ።

«እናያለን እኮ» አሉ አያ አዛናው።

«በሉ እንግዲህ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄስ ይሄይስ፣ በደንቡ መሠረት።

«እሺ፣ ወጥቼ ልልበስ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ ልብስም የለም» አሉ አያ ባየህ። የአያ ደሞዝን ሱሪ ረግጠው ቆመዋል።

«ለዲዳ ልጄን አልሰጥም አልኋችሁ!»

«ዲዳው ጀርባህን እያሸልህ ነው» አሉ ቄሱ።

አያ ደሞዝ ቀስ ብለው ዞሩ። ከእግሬ ይሁን ከራሴ ለመጀመር እንደ ቸገራቸው ሁሉ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ሩዝ ፈልፋዩ አንተ ነህ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«አሁን ምነው ዝም አልህ?»

«አፍሬ ነው» አልሁ።

ሽማግሎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። የአያ ደሞዝ ጣቶች በውኃው ብዛት ተጨማደዋል። ጣቶቻቸውን አዩ፤ ሱሪያቸውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ሰጥቻለሁ» አሉ። «ዲዳ አለመሆኑን ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም። ስለ ገለባው ግን ከእንግዲህ ለእርሷ ያውራላት። ሱሪዬን አምጡ!»

በጥር ተጋባን። አያ ደሞዝ ከዚያ ወዲህ ሩዛቸውን የሚያስፈለፍሉት ሌላ ቦታ ነው።