ቶንጋይ ዓለምን ሊዞር የተነሣ ዕለት

ቶንጋይ ዓለምን በሩጫ ለመዞር ሦስት ዓመት ሙሉ ሲዘጋጅ አንድ ነገር ብቻ አላሰበበትም፤ «ሰኩሩ»፣ ማለትም አጎቴ፣ የሚላቸው የእናቱ ወንድም ቼንጌታ ከዘራቸውን ይዘው ሊሸኙት እንደሚወጡ። ዓለምን የሚዞሩ ሯጮችን የሚመዘግቡት ሰዎች ሕግ መቼስ ግልጽ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤቱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያልራቀ ይሰረዛል፤ ዳግም የሚመዘገበውም የዛሬ ዓመት ነው። እጁ ላይ ያሰራት ሰዓት እያንዳንዷን እርምጃ ታሳብቅበታለች።

«ሰኩሩ፣ እንግዲህ ልሩጥ» አለ ከደጅ እንደወጡ።

«ማን ያዘህ? ሩጥ።»

ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሮጠ። ከጉድጓዱ ውሃ የምትቀዳ ጎረቤታቸው ባልዲዋን አስቀመጠችና፣ «ምን ሰርቆ ነው ሽማግሌ ጥሎ የሚፈረጥጠው?» አለች፣ ሆን ብላ እሱ እንዲሰማት። በእነሱ አገር በጉቱ ሸኚን ጥሎ መሮጥ ከስድብ ይከፋል። ቶንጋይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ዓለምን በሽማግሌ እርምጃ ይዞር ጀመር።

በወጉ ሸኚ ከወንዙ ይመለሳል። ሰኩሩ ግን ሱሪያቸውን ሰብስበው ተሻገሩ።

«ኧረ ሰኩሩ፣ እዚህ ይበቃል።»

«ቡላዋዮ ከተማ ለሚሄድ ነው እስከ ወንዝ። ዓለምን የሚዞር ሰው እስከ ወንዝ ብሸኝ አገሩ ምን ይለኛል?»

ያገኙትን ሁሉ ሰላም እያሉ፣ የልጁን የከብቱን ደኅንነት እየጠየቁ፣ እኩለ ቀን ላይ አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ደረሱ። ሰኩሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«በል አሁን ሂድ። በሰላም ግባ።»

ቶንጋይ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር በስድስት ሰዓት፤ እንዲያውም ይተርፈዋል። ጫማውን ሊያጠብቅ ጎንበስ ሲል ግን የሽማግሌውን ቁርጭምጭሚት አየ። ዱባ አክሏል። አውቶቡስ ደግሞ በዚያ መንገድ የሚያልፈው በማግስቱ ነው።

«መነሣት ይችላሉ?»

«ምን ያስነሣኛል? አየሩ ተስማምቶኛል።»

ቶንጋይ ወደ ሩቁ ማስቪንጎ ከተማ የሚወስደውን መንገድ አየ። እንባው መጣ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ተንበረከከ፤ አጎቱን አዘለና ወደ ቤት ዞረ። ሰዓቷ አቅጣጫ ተሳስተሃል እያለች ብትጮህበት ፈቶ ኪሱ ከተታት።

«ተናደድህ እንዴ?» አሉት ከጀርባው።

«አዎ። በጣም።»

ሰኩሩ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«አይዞህ። የዛሬ ዓመት እግሬ ይድናል፤ እስከ ማስቪንጎ እሸኝሃለሁ።»