የሞሲሳ ጩኸት

መቱ ውስጥ ሃርድ ሮክ የሚጫወት ባንድ አንድ ብቻ ነበር። ስሙን «በከካ» ብለውታል፤ በኦሮምኛ መብረቅ ማለት ነው። ፋሲል ጊታር ይመታል፣ ኢርሻድ ድራም፣ ሞሲሳ ይዘፍናል። የሚለማመዱትም የሚቀዱትም በኢርሻድ አባት በጋሽ ሱሌማን የቡና መጋዘን ውስጥ ነበር፤ እስከ ጣሪያ የተደረደረው ጆንያ ድምፁን ስለሚውጠው ጎረቤት አያማርርም።

ሞሲሳ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲዘምር ያደገ፣ ሲያወራ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነበር። ማይክ ሲይዝ ግን ከሆዱ ሌላ ሰው ተነሥቶ የሚጮኽ ይመስላል። ፋሲል አንድ ቀን «ይህን ጩኸት ከየት አመጣኸው?» ቢለው፣ «እኛ ቤት ጮክ ተብሎ አይወራም፤ የተጠራቀመ ነው» ብሎ ሳቀ።

የመጀመሪያ አልበማቸው ሊያልቅ አንድ ዘፈን ሲቀረው ሞሲሳ እናቱን ቡና ለቀማ ሊያግዝ ወደ ዳሪሙ ሄደ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ የቤቱ ወንድ እሱ ብቻ ነበር። «ለቀማው እንዳበቃ እመጣለሁ» አላቸው።

የዚያ ዓመት ወባ ክፉ ነበር። የሞሲሳ ስልክ አልሠራ አለ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ መክረሙን ስለለመዱት ግን ማንም ክፉ አልጠረጠረም። ለቀማው አልፎም ሳይመጣ ሲቀር ፋሲልና ኢርሻድ ሊያመጡት ተነሡ። መኪና እስከሚደርስበት ሄደው የቀረውን በእግራቸው ተያያዙት። ፋሲል ያለቁትን ዘፈኖች በስልኩ ይዞ፣ ሞሲሳ ሲሰማቸው ምን እንደሚል እያሰበ ይሄዳል።

ሲደርሱ እናቱ እትዬ ሽብሬ ጥቁር ለብሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፋሲል ሳይነገረው ገባው።

«ጉንፋን ነው ይለኝ ነበር» አሉ ሴትዮዋ፣ አልቅሰው ትንሽ ሲረጋጉ። «ራሱን ሲስት ሰዎች በቃሬዛ ይዘውት ወጡ። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ መንገድ ላይ አለፈ።»

ከዚያም ቀና ብለው፣ «ከእናንተ ጋር ይዘፍን ነበር አይደል? አሰሙኝ» አሉ።

ኢርሻድ «እትዬ፣ ሌላ ጊዜ ይሁንልዎ» አለ።

«የልጄ ድምፅ ካለ ለምን ይደበቀኛል?»

ፋሲል ለስለስ ያለ ዘፈን አልነበረውም። የመጀመሪያውን ከፍቶ ስልኩን ሰጣቸው፤ እሳቸውም ጆሯቸው ላይ አስጠጉት። የጊታሩን ጩኸት ታገሡት። የሞሲሳ ድምፅ ሲፈነዳ ግን ደነገጡ።

«ማን ምን አድርጎት ነው?»

«ማንም አልነካውም፣ እትዬ። አዘፋፈኑ እንደዚያ ነው።»

እስከ መጨረሻው ሰሙት። ዘፈኑ ሲያልቅ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሲታመም አንዲት ጊዜ እንኳ አልጮኸም። እኔን እንዳያስደነግጠኝ ጥርሱን ነክሶ ተኛ። ጎረቤቶቼ መታመሙን አልሰማንም አሉኝ። ይህን የሚያህል ድምፅ እያለው።» ስልኩን መለሱለት። «ውሰደው፣ ልጄ። እዚህ አይሁን።»

ሲመለሱ መንገድ ላይ ተጣሉ። ኢርሻድ «ያለውን እናውጣው፤ ከሱ የቀረው ይኸው ነው» አለ። ፋሲል «እናቱ ውሰደው ያሉትን ለማን ነው የምታሰማው?» አለው።

ክረምቱ ሲወጣ ኢርሻድ አልበሙን ብቻውን በኢንተርኔት ለቀቀው። መቱ ውስጥ ሰው ጉዳዬ አላለውም፤ የሩቅ ከተማ ወጣቶች ግን ወደዱት። ዘፋኙ ማን እንደሆነ፣ መድረክ ላይ የሚወጣውም መቼ እንደሆነ ይጽፉለታል። ኢርሻድ መልስ ሊጽፍ ይጀምርና ይተወዋል። እስካሁን የሞሲሳን መሞት የሚያውቅ አድማጭ የለም።

ፋሲል ከመቱ በስተምዕራብ ያለው ቡሬ ገብቶ ስልክ ይጠግናል። ጊታር ከነካ ቆይቷል። ወደ ዳሪሙ የሚሄድ ሰው ሲያገኝ ለእትዬ ሽብሬ ስኳርና ሳሙና ይልካል፤ እሱ ራሱ ግን ዳግም አልሄደም።