የደበርጃን ላም

ከዲጃ የምትሠራው ስዊድን አገር፣ ሁዲንጌ ውስጥ፣ ሄምሸንስት ለሚባለው የቤት ለቤት እንክብካቤ ነው። ቤታቸው ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች ቁርስ ታቀርባለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፣ ገላቸውን ታጥባለች። ከሁሉም አስበልጣ የምትወዳቸው እማማ ፉሚኮን ነው። እማማ ፉሚኮ በወጣትነታቸው ስዊድናዊ አግብተው ከጃፓን የመጡ፣ ባላቸውን የቀበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ አሮጊት ናቸው። ስዊድንኛ አንቱታ የለውም። እናቷን የሚያህሉ ሴት በስማቸው መጥራት አፏ እምቢ ቢላት ግን ከዲጃ «እማማ» መባልን አስለመደቻቸው። መቼም ሰው የሚወደው የሚመስለውን ነው፤ ግትርነታቸው ቁርጥ የእናቷን ነበር።

ዓይናቸው ስለደከመ በየጠዋቱ ታብሌቱን ከፍታ የጃፓን የጉዞ ዜና ታነብላቸዋለች። ለጎብኚዎች የሚጽፍ የስዊድንኛ ገጽ ነው። ሁልጊዜ ደስ ያለው ገጽ! የመሬት መንቀጥቀጡን እንኳ በፈገግታ ነው የሚያወራው። «የቦን በዓል ደርሷል፤ ባቡር ስለሚጨናነቅ ቲኬትዎን ቀደም ብለው ይቁረጡ! የፋኖሱና የጭፈራው ምሽት እንዳያመልጥዎ!» ቦን ማለት በነሐሴ የሙታን ነፍስ ወደ ቤቷ ትመለሳለች ተብሎ የሚከበር በዓል ነው። ከዲጃ እዚህ ላይ ስትደርስ በሆዷ «አዑዙ ቢላህ» ትላለች፤ ማንበቧን ግን አታቋርጥም።

ዘንድሮ ነገሩ ከበድ ብሏል። በሚያዝያ የእማማ ፉሚኮ ታናሽ እህት ሞታለች። አንድ ሰው ከሞተ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ ቦን ላይ የሥጋ ዘመድ እቤቱ ተገኝቶ ነፍሱን መቀበል አለበት፤ ከእህትማማቾቹ ደግሞ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ልባቸው ደካማ ቢሆንም ቲኬት ቆረጡ። ሻንጣውን ያዘጋጀችላቸው ከዲጃ ነች።

የመነሻቸው ቀን ሲቃረብ ያ ደስተኛ ገጽ ፈገግታውን አጣ። ታይፉን የሚሉት ከባድ አውሎ ነፋስ ወደ ጃፓን እየገሰገሰ ነበር። ባቡሮች ቆመዋል፣ በረራዎች ተሰርዘዋል፤ የእሳቸውም በረራ አብሮ ተሰርዟል።

«እንደገና አንብቢው» አሉ።

ከዲጃ አነበበችው።

«እንግዲህ በሌላ መንገድ እሄዳለሁ።»

«በየት በኩል እማማ? ሁሉም ተዘግቷል እኮ።»

ነገ ስትመጣ ከሪንከቢ ገበያ አንድ ደበርጃን እንድትገዛላቸው ብቻ ጠየቋት። ከዲጃ ሪንከቢ ስለምትኖር ዐምናም የገዛችላቸው እሷ ነበረች፤ ያኔ ግን ኪያርም አብረው አዝዘዋት ነበር። በስቴኪኒ እግር ያበጁላቸውና የመስኮቱ ደፍ ላይ ያቆሟቸዋል። ኪያሩ ፈረስ ነው፤ ተጓዡን በጥድፊያ ያደርሰዋል፤ ሙታን ናፍቆት ስላለባቸው ሲመጡ በእሱ ይመጣሉ። ደበርጃኗ ላም ናት፤ ሲመለሱ ቤታቸውን ዞር ብለው እያዩ፣ የሚወዱትን እየተሰናበቱ እንዲሄዱ በቀስታ ትወስዳቸዋለች። ገጹም ስለዚህ ጽፎ ነበር፦ «በየደጁ ቢያዩዋቸው ፎቶ ያንሱ፤ እባክዎ አይንኳቸው።»

ደበርጃኑን ባመጣችላቸው ማግስት ላሟ ብቻዋን ደፉ ላይ ቆማ አገኘቻት፤ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራለች።

«ፈረሱስ?» አለች ከዲጃ።

«ማን ሊመጣበት? እኔ ነኝ የምሄደው» አሉ እማማ ፉሚኮ፣ ዳቦ ልገዛ ነው እንደሚል ሰው። «ላም ጥሩ ናት፣ አትቸኩልም። በዓሉ እስኪያልቅ ሁሉን ተሰናብቼ እሄዳለሁ።»

በዚያው ቀን አሮጊቷ አበቦቻቸውን ለጎረቤት ሰጡ፤ ግራጫውን የሱፍ ሻርፕ ለእሷ አንገቷ ላይ ጠመጠሙላት። ሾርባቸውን ሳይጨርሱት ተዉት። ከዲጃ ነርስ ጠራች። ነርሷ መጥታ ግፊታቸውን ለካች፣ ልባቸውን አዳመጠች፣ ከወትሮው የተለየ ነገር እንደሌለ ነግራት ሄደች። ሰላምታቸውና ፈገግታቸው የጤነኛ ሰው ነበር፤ ለማን ምን ብላ ታስረዳ!

ማታ ለባሏ ለታሪቅ ነገረችው። ታሪቅ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጭቅጭቅ ሲሰማ ስለሚውል ማታ መሳቅ ይወዳል።

«ደበርጃን ነው እኮ ከዲ! ወላሂ አሁንስ አበዛሽው።»

«እኔ በላሟ አላምንም። እሳቸው ግን ያምናሉ፣ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

«እንግዲያው ውሰጂና ጣያት። ላሟ ከሌለች በምን ይሄዳሉ?»

ታሪቅ በገዛ ቀልዱ ሲስቅ ቆይቶ ተኛ። ከዲጃ ግን ቀልዱን የምር ይዛው አደረች።

በማግስቱ እማማ ፉሚኮ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው ላሟን አነሳቻት። ቆዳዋ ተጨማዶ፣ ሆዷ ለስልሶ ነበር። ከዲጃን ቀፈፋት። በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻትና ምንም እንዳላደረገች ሰው ወደ ማድ ቤት ሄዳ ሰላጣ መክተፍ ጀመረች።

ሲነቁ መጀመሪያ ያዩት ባዶውን ደፍ ነው።

«ተበላሽታ ነበር እማማ፣ ጣልኳት» አለች ከዲጃ ቶሎ ብላ።

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን ስለ ሌላ ነገር ጠየቋት፦ «ለእራት ምን አለ?»

ከዲጃ በደስታ የምትገባበት ጠፋት። እራት የሚጠይቅ ሰው የትም አይሄድም! «ዓሣ አለ፣ ሰላጣም ሠርቻለሁ። ካነሰዎት ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሙሉ ኪያር ተርፏል።»

«ጥሩ» አሉ። እጇን ይዘው መታ መታ አደረጉላት። «ጥሩ ልጅ ነሽ። አይዞሽ።»

አይዞሽ የሚባለው ክፉ ነገር ለገጠመው ወይም ለሚጠብቀው ሰው መሆኑን ከዲጃ ያን ጊዜ ልብ አላለችም። ጣቢያው ስትደርስ ላሟን ከነጋዜጣዋ ቆሻሻ ውስጥ ጣለቻትና ባቡሩ ውስጥ ገብታ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እስከ ቤቷ ድረስ ቀለል ብሏት ሄደች።

ጠዋት ደወለች፤ መልስ የለም። በያዘችው ቁልፍ ከፍታ ገባች። ቤቱ ተወልውሎ፣ የእራቱ ሳሕን ታጥቦ ተደፍቷል። ዓሣው ተበልቷል። ጠረጴዛው ላይ ታብሌቱ እንደበራ ነው፤ ገጹ ወደ ፈገግታው ተመልሷል። «መልካም ዜና! ታይፉኑ አልፏል፤ በረራዎች ከዛሬ ጀምሮ ይቀጥላሉ!»

«እማማ! ሰሙ? ተከፍቷል!» እያለች ወደ ሳሎን ሮጠች።

እማማ ፉሚኮ መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ካፖርታቸውን ለብሰዋል፣ የጫማቸውን ማሰሪያ አጥብቀው አስረዋል፣ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ከዲጃ እጃቸውን ያዘች። ቀዝቅዟል።

ደፉ ላይ ኪያሩ በአራት ስቴኪኒ ቆሟል፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ።

ያችው ነርስ መጣች። ማድረግ ያለባትን አድርጋ ስትጨርስ የከዲጃን ትከሻ አቀፈች።

«አትዘኝ» አለቻት። «አልተሰቃዩም። በጣም ፈጣን ነበር።»

ከዲጃ ዓይኗን ከኪያሩ አልነቀለችም። ልትነካውም አልደፈረችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ቀስ ብለው ሊሄዱ ነበር።»