ሦስተኛው ፕሮፎርማ

«ጫማዎን ያውልቁልኝ» ስትላቸው ቄስ መርስዔ ኀዘን ያልሰሙ መስለው መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ። ዶክተር ሔራን ጎንበስ ብላ ተሳለመችና እዚያው እንዳጎነበሰች የግራ ጫማቸውን ማሰሪያ ፈታች።

ካልሲው ሲወልቅ ክፍሉ ሸተተ። ትንሿ ጣት ጠቁራለች፤ ከሥሯ መግል ይወርዳል። በሩ አጠገብ የቆመችው ልጃቸው እናትዓለም ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች።

«እኔ የመጣሁት ለስኳሬ ነው» አሉ ቄሱ ቆጣ ብለው። «ስለ እግሬ ማን ጠየቀሽ?»

«ስኳሩ እኮ እዚህ ደርሷል፣ አባ። ከዚህ በፊት ያየዎት ሐኪም እግርዎን አላየም?»

«ጨዋ ነበራ።»

ሔራን አልሳቀችም። ትንሿ ጣት በዚህ ሳምንት ካልተቆረጠች እግሩ እንደሚከተል ቁርጡን ነገረቻቸው። ከዚያ እስካሁን ማንም ያልጠየቃቸውን ጠየቀች፤ በጾም ስንት ሰዓት ላይ እንደሚቀምሱ፣ መርፌውን መቼ እንደሚወጉ፣ ቅዳሴ ላይ አዙሯቸው ያውቅ እንደሆነ። ጾማቸውን ሳይፈቱ የመርፌውን ሰዓትና መጠን ማስተካከል እንደሚቻል፣ እሷ ራሷ እንደምትከታተላቸውም አስረዳች። ቄሱ ካልሲያቸውን ስበው አጠለቁ።

ውጭ እንደ ወጡ «ይቺ አትሆነኝም» አሉ።

እናትዓለም የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግዢ ሠራተኛ ናት፤ ከሦስት ነጋዴ የዋጋ ፕሮፎርማ ሳትሰበስብ እስክሪብቶ አትገዛም። አባቷ ከዘጌ በጀልባ በመጡ ቁጥር ሐኪም የምትፈልግላቸውም በዚሁ ደንብ ነው። የመጀመሪያው ሐኪም ጾም ይፍቱ ስላለ ወድቋል። ሔራን ሁለተኛዋ ነበረች።

«አባ፣ ጣትዎ እኮ ሞታለች አለች።»

«መግል የሚፈሰው ሰው መቅደስ ይገባል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አካሌ ጎድሎስ ማን ቀድስ ይለኛል? እስከዛሬ የኖርሁት ለዚያ ነው። ከመቅደስ ከወጣሁ ወዲያ ዘጌ ምን አለኝ? መጥቼ አንቺ ዘንድ እገባለሁ እንጂ።»

 ግሽ አባይ ሰፈር ያለው የእናትዓለም ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው ሳሎን ነው ከተባለ። ለባሏ ለአምባቸው ደውላ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። አምባቸው አዘነ፤ ከልቡ አዘነ። ከዚያ ሶፋው ሲዘረጋ አልጋ እንደማይሆን አስታወሳት። ጥሩ ሐኪም ማለት ሰው ተስፋ የማያስቆርጥ መሆኑን፣ ያቺ ሴትዮ ደግሞ ለመቁረጥ የቸኮለች እንደምትመስል፣ ሦስተኛውን ሳያዩ መወሰን እንደማይገባም መከራት።

ሦስተኛው ዶክተር ዓምደ ሚካኤል ነበር። ወረፋ ሲጠብቁ አጠገባቸው የተቀመጡት ወይዘሮ የብርጓል ዶክተሩን አመስግነው አልጠገቡም።

«ባለቤቴን የያዘልኝ እሱ ነው። እስኪያርፉ ድረስ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገራቸውም።»

«በምን አረፉ?» አለች እናትዓለም።

«በስኳር ነዋ።»

ሴትዮዋ ይህን ያሉት እንደ ጥሩ ምስክርነት ነው፤ እናትዓለምም እንደዚያው ተቀበለችው።

ዶክተሩ ቄሱን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። መስቀሉን በግንባሩና በከንፈሩ አስነክቶ ተሳለመ፤ የራሱን ወንበር ለቀቀላቸው። ዘንድሮ የዘጌ ቡና እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። የቤት ካርታ ጉዳይ ስላለበትም በቅዳሴ እንዲያስቡት ለመናቸው። ደም ግፊታቸውን በጋቢያቸው ላይ ለካ። ስኳራቸው ሦስት መቶ ማለፉን ሲያይ የመንገድ ድካም ይሆናል ብሎ አንድ ኪኒን ጨመረ።

የቄሱ ፊት በራ። «ሐኪም እንዲህ ነው» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው።

ዶክተሩ ማዘዣውን እየጻፈ ሳለ አየሩን አሸተት አደረገ። ዓይኑ ጫማቸው ላይ አረፈ፤ ወዲያው ተመለሰ።

«እግርዎን የሚያስቸግርዎ ነገር የለም አይደል? ካህንን ጫማ ያውልቁ ማለት ከብዶኝ ነው።»

 ካህን ናቸው፤ አይዋሹም። ልጃቸውን አዩዋት።

«ምንም የለም፣ ዶክተር» አለች እናትዓለም፤ ተነሥታም መስኮቱን ከፈተችው።