ሁለት አልጋ ያለው ክፍል

ልጄ ከወለደች ወር አልፏታል፤ የልጅ ልጄን ግን ገና በዓይኔ አላየሁትም። «እማዬ፣ ነይ፤ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ይዤልሻለሁ» ስትለኝ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። የሆቴሉ ሰዎች ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው ሲሉኝ ደግሞ ሕፃኑን ይዛ አብራኝ ልታድር መሰለኝ።

ሆቴሉ ስሙ ብቻ ነው። ሊፍቱ አይሠራም፣ ምንጣፉ ሻግቷል፣ ቧንቧው ሲከፍቱት አጉረምርሞ ዝገት ይተፋል። እኔ የሰጋሁት ለሕፃኑ ነው። ንፋስ እንዳይመታው የመስኮቱን ስንጥቅ በሻርፔ ወተፍኩ፤ እንዳይወድቅም የአንዱን አልጋ ዙሪያ በትራስ አጠርኩለት።

ልጄ ብቻዋን መጣች።

«ልጁስ?»

«ቤት ነው። እማዬ፣ ክፍሉ አያምርም?»

«ያምራል። በይ ተነሺ፣ እንሂድና ልየው።»

አንገቷን ደፋች። «የባሌ እናት እኛ ጋ ናቸው። አንቺ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ሁሉ ነገር ያስጨንቅሻል፤ እሳቸው ይከፋቸዋል። ሌላ ጊዜ ትመጫለሽ። አሁን ፎቶውን ላሳይሽ።»

ፎቶውን አየሁት። አፍንጫው የአባቴ ነው።

«ይሁን፣ የኔ ልጅ። እኔማ እዚህ ንግሥት ሆኜ የለ!» ብዬ ልስቅ ሞከርኩ።

በሩን ስትከፍት አላስችል አለኝ። «ገላውን ማን ነው የሚያጥበው?»

«እሳቸው ናቸው።»

«ውሃውን በመዳፋቸው አይለኩት፤ መዳፍ ሙቀት ለምዷል። በክርናቸው ይሞክሩት በያቸው። እናቴ አለች እንዳትይ ግን።»