የአብዱላሂ ቀኝ መቀመጫ አጥንት

ይልቃል እባላለሁ፤ ጭሮ ከተመደብኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ጤና መኮንን ነኝ፤ ከተማው ግን ዶክተር ይለኛል፣ እኔም ማረሙን ትቻለሁ። በዚህ ሥራ የሚያናድደኝ አንድ ነገር ቢኖር ምክር የማይሰማ ታካሚ ነው።

የባጃጅ ሾፌሩ አብዱላሂ እያነከሰ መጣ። ቀኝ መቀመጫውን ይጠዘጥዘዋል፣ እግሩ እስከ ጣቱ ይደነዝዛል። ባለፈው ሰኞ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የረገጠ መስሎት ሳይረግጥ ቀርቶ፣ ጫት የጫነ አይሱዙ ሥር ሊገባ ለጥቂት ተረፈ። ሦስት ልጆች አሉት። ይህን ሁሉ የነገረኝ ቆሞ ነው፤ መቀመጥ ያመዋል።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ዳሌ አነሳሁ። ይሄ ቀበቶህ የሚያርፍበት ጠርዝ ነው፣ ይሄ ከፊት ሾል ያለው ጫፉ ነው እያልኩ የራሱን በእጁ አስዳሰስኩት። ከዚያ መዳፎቹን ከሥሩ አድርጎ አግዳሚው ላይ እንዲቀመጥ አዘዝኩት። በየመዳፉ ላይ አንዳንድ ጉብ ያለ አጥንት አገኘ።

«ለካ ሁለት ነው» አለ።

«ሁለት ነው። አንተ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ በአንዱ ነው የተቀመጥከው።»

ነገሩ ግልጽ ነው። የኋላው ወንበር ሲሞላ ከፊት በስተቀኙ አንድ ሰው ይደርባል፤ ራሱ ወደ ግራ ይገፋና ግማሹ አየር ላይ ይቀራል። ክብደቱን ሁሉ ቀኙ አጥንት ይሸከማል፤ ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው። ሁለት ወር ከፊት ሰው እንዳይጭን ነገርኩት። ደንበኛ ከለመነኝስ አለ። አባትህም ቢሆን እምቢ በል አልኩት። «ቶሌ፣ እሺ» ብሎ ሄደ።

እውነትም ሰማኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሳያነክስ መጥቶ የእግሩን ጣቶች እያንቀሳቀሰ አሳየኝ። ደስ አለኝ። ለነርሷ ለሳብሪና ሙያዬን ነገርኳት፤ ሁለት ጊዜ።

በማግሥቱ ከዞን ገምጋሚ ይመጣል ተባለ፤ እኔ ደግሞ አርፍጃለሁ። ቤንዚን ጠፍቶ መንገዱ ላይ ባጃጅ የለም። እንደምንም ቀድቶ የመጣው አብዱላሂ ብቻ ነው፤ የኋላው ወንበር ሞልቷል።

«ጠጋ በል» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። «ዶክተር፣ አባትህም ቢሆን ብለውኝ ነበር።»

«አባትህ አይደለሁም፤ አርፍጃለሁ።»

ጠጋ አለ። ቤንዚኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልመጣም፤ እኔም በየጠዋቱ ያው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። በመጨረሻው ዓርብ ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ፣ ፍሬን ከመርገጡ በፊት ጎንበስ ብሎ እግሩ የት እንዳለ በዓይኑ ፈለገ። አፈርኩ። ግን አልወረድኩም።

ሰኞ እያነከሰ መጣ። ሳብሪና ከፊት ማንን ስትጭን ነው የከረምከው ብላ ተቆጣችው። አብዱላሂ የፕላስቲኩን ዳሌ አንስቶ ያገላብጥ ጀመር። እኔም ካርዱን ተቀበልኩና ጻፍኩበት፤ «ታካሚው ምክር አይሰማም።»