የሁዳዴ ውኃ

ሰው ሲናደድ ተናደደ ይባላል። እኔ ስናደድ ግን ባሌ ፈቀደ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ፣ «ወርቅዬ፣ መድኃኒትሽን ውጠሻል?» ይለኛል። ወጡ ጨው በዛበት ስል፣ ውጠሻል? መብራት ጠፋ ብዬ ስራገም፣ ውጠሻል? አንድ ቀን የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዱ ጎረምሳ ቀድሞኝ ሲገባ እሪ ብል፣ እዚያው ፌርማታ ላይ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ኧረ እግዜር ይይልህ! ሰልፍ የማያውቀው ጎረምሳው፣ መድኃኒት የምውጠው እኔ!

ግን አልዋሽም፣ ሰውየው የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አእምሮዬን ታመምኩ። አምስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር፣ ለደንበኛ የቆረጥኩትን ጨርቅ ሁሉ ለመንገደኛ አደልኩት። ከዚያ ደግሞ ሁለት ወር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ሐኪሞቹ ባይፖላር አሉት፤ ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና ከልክ በታች የሚወርድበት ሕመም ነው። ሊቲየም የሚባል ኪኒን ታዘዘልኝ፤ ማታ ማታ እየዋጥኩ ይኸው ዘጠኝ ዓመት እንደ ሰው ኖርኩ። ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ ያለችው የሀበሻ ቀሚስ መስፊያ ሱቄም ከዚያ ወዲህ በእኔ ሕመም አንድ ቀን ተዘግታ አታውቅም።

የሕመሜን ስም የሚያውቁት ፈቀደ፣ ልጄ ፅዮንና ሐኪሜ ዶክተር ውዳሴ ብቻ ነበሩ። ለቀረው ዓለም ወርቅዬ የደም ግፊት አለባት። ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ተክለማርያም ሳይቀር፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ግፊት ነው አባቴ» ብያቸዋለሁ። ምን ላድርግ! ያኔ እንደታመምኩ አንዱ አጥማቂ ነኝ ባይ «ኪኒኑን ጣዪ፣ እምነትሽ ይበቃል» ብሎኝ ጥዬ፣ ወር ሳይሞላኝ ነው ተመልሼ የወደቅኩት። መምሬም እንደሱ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ዘንድሮ ፅዮን ልትዳር ነው። ሠርጉ የተቆረጠው ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነበር። የሙሽራው እናት እትዬ አልማዜ ዓለም ባንክ ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ ረጋ ያሉ፣ ነገር መዝነው የሚናገሩ ሴት ናቸው። በሽምግልናው ቀን እንደ ወጉ ሰባት ቤት ዘር ተቆጠረ። ዝምድና አለመኖሩ ከታየ በኋላ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በቤታችሁ ደዌስ?» አሉ። ፈቀደ «ጤነኞች ነን» አለ። እኔ ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተከልኩ፤ እትዬ አልማዜ ደግሞ እኔን ነበር የሚያዩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ፍርሃት ያዘኝ። ይህ ነገር ተሰምቶ የልጄ ሠርግ በእኔ ምክንያት ሊፈርስ ነው። ወይም ሕመሜ ተነስቶብኝ ሙሽራዋን በሕዝብ ፊት አዋርዳታለሁ። ፅዮንንም ለእጮኛዋ እንዳትነግረው አስምያት ነበር። ጭንቀቱ ሲብስብኝ ስለት ገባሁ፤ ይህን ሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ሳልቀምስ እጾማለሁ፣ አንተ ደግሞ ጌታዬ፣ ልጄን በጤናዬ እንድድር አድርገኝ አልኩ።

ዶክተር ውዳሴ ድሮም ነግራኛለች። «እትዬ ወርቅዬ፣ ሊቲየም የጨው ዘር ነው። ሰውነትዎ ውኃ ሲያጣ መድኃኒቱ ከደምዎ አይወጣም፣ ይጠራቀማል» ብላኛለች። ሰምቻለሁ። ግን ነገሩ ለተቅማጥና ለትውከት መሰለኝ እንጂ፣ ለእግዜር ብሎ የተጠማ ሰው ይጎዳል ብዬ እንዴት ላስብ? በየዓመቱ ከሥጋና ከወተት ብቻ እየጾምኩ ውኃዬን ስጠጣ ነው የኖርኩት። ዘንድሮ ግን እልህ ያዘኝ።

በሦስተኛው ሳምንት እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክር በመርፌ ቀዳዳ አልገባ አለኝ። ሆዴ ተበላሸ። ስራመድ መሬቱ የሚያዘነብል ይመስለኛል፤ ምላሴም ከብዶኝ ስናገር እንደ ሰካራም ሆንኩ። ፈቀደ አየኝና ደነገጠ።

«ውጠሻል?»

«ውጫለሁ እኮ ነው የምልህ!»

አላመነኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ ራሱ በእጁ እያቀረበ፣ አፌን ከፍቼ እስካሳየው ቆሞ ይጠብቃል። ሲብስብኝ ደግሞ «ዘንድሮ ጠንከር ብሎ ነው የመጣብሽ፣ አንድ ጨምሪ» አለኝ። እኔም ጨመርኩ! ሁለት ማታ ጨምሬ ዋጥኩ። የዚህ በሽታ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ሰው አያምንህም፣ ውሎ አድሮ አንተም ራስህን አታምንም። ጥርሴን ቢያመኝ እንኳ «ተነሳብኝ» ነበር የምለው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከባኞ ስወጣ እግሬ ከዳኝና ወደቅኩ። ፈቀደና ፅዮን ደግፈው ላዳ ውስጥ አስገቡኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ፈቀደ በሩ ላይ እንደቆመ፣ «ሕመሟ ተነስቶባታል ዶክተር፣ መድኃኒት ሳትደብቀን አልቀረችም» እያለ ይንተባተባል። ዶክተር ውዳሴ እሱን ሰምታ ጨረሰችና ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«እትዬ ወርቅዬ፣ ውኃ መጨረሻ የጠጡት መቼ ነው?»

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። «ትናንት ማታ፣ ኪኒኑን የዋጥኩባትን ጉንጭ» አልኳት። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾም ነኝ፣ ውኃም አልቀምስ።» እሷም ወዲያው ደም እንዲቀዳና ግሉኮስ እንዲሰቀልልኝ አዘዘች። የደሙ ውጤት ሲመጣ ሊቲየሙ ከልኩ በጣም አልፏል። ሕመሜ አልተነሳም ነበር፤ የመረዘኝ መድኃኒቱ ነው። ፈቀደ ይህን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ፣ «እኔ ነኝ፣ በእጄ ነው ያጎረስኳት» እያለ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላው።

ዶክተሯ አልተቆጣችንም። ከአራት ቀን በኋላ ስረጋጋ ሦስታችንንም አስቀምጣ ወረቀት አወጣች። በአንድ በኩል ሕመሙ ሲመጣ የማሳያቸውን ምልክቶች እኔኑ እየጠየቀች ጻፈች፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ወሬ ማፍጠን፣ ዕቃ ማደል። በሌላ በኩል መድኃኒት ሲበዛ የሚታየውን ጻፈች፤ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ ተቅማጥ። «ጋሼ ፈቀደ» አለችው፣ «እንደዚህኛው ከሆነ መድኃኒት አይጨምሩም፣ አይሰጡም፤ እኔ ጋ ነው የሚያመጧት። መናደድ ደግሞ ከሁለቱም ውስጥ የለም።» ይህችን ስትል ብድግ ብዬ ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሁለት መንገድ አለን። ሌላ መድኃኒት መሞከር እንችላለን፤ ግን ሊቲየም ዘጠኝ ዓመት ይዞዎታል፣ ሌላው ይስማማዎት አይስማማዎት አላውቅም። ወይም ደምዎ ሲጠራ በዝቅተኛ መጠን እንደገና እንጀምራለን፣ እርስዎ ግን ቀኑን ሙሉ ውኃ ይጠጣሉ። ምርጫው የእርስዎ ነው።»

«ሊቲየሜን» አልኩ። «ስለቴስ?»

«እሱን እኔ ልፈታው አልችልም። የሚፈቱት ሰው ካሉ ይንገሯቸው፤ ከፈለጉ እኔም በስልክ አነጋግራቸዋለሁ።»

ከሆስፒታል ስንወጣ ፅዮን እጄን ይዛ፣ «እማዬ፣ አንቺ ስለታመምሽ የሚፈርስ ሠርግ ከሆነ ይፍረስ» አለችኝ። ተቆጣኋት። ለሷ ብዬ ልሞት የደረስኩበትን ነገር እሷ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

መምሬ ተክለማርያምን ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ዛፍ ሥር አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ጨረሱና፣ «ግፊት የተባለውስ?» አሉኝ።

«ውሸት ነው አባቴ።»

«ዘጠኝ ዓመት?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

«ወይ አንቺ ልጅ! እኔ እኮ በየቅዳሴው ለግፊትሽ ስለምን ነው የኖርኩት!» ብለው ሳቁ። እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ። ከዚያ ቆጣ አሉ። «በሕመም ላይ እንዲህ ያለ ጾም ማን አዘዘሽ? እኔን ሳትጠይቂ የገባሽውን ስለት ፈትቼሻለሁ። ኪኒኑንም እግዜር በሐኪም እጅ የሰጠሽ ነውና ዋጪ። የውሸቱ ግን ቀኖና አለው።»

ስግደት ይሆናል ብዬ ጉልበቴን አሰብኩ።

«ከነገ ጀምሮ ውኃሽን ሱቅሽ ውስጥ፣ ሰው እያየሽ ትጠጫለሽ። ለምን ብሎ የጠየቀሽ ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እውነቱን ትነግሪዋለሽ።»

«አባቴ፣ ሺህ ስግደት ይሻለኛል!»

«አውቃለሁ» አሉ።

እንግዲህ በማግስቱ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውኃ ከማሽኔ አጠገብ አቆምኩና በጠራራ ሁዳዴ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መጠጣት ጀመርኩ። የኮልፌ ሰው ደግሞ ያማል እንጂ አይጠይቅም። ደንበኛው ጠርሙሱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ጨርቁን ተቀብሎ ይወጣል። አንዷማ ደጃፌን ሳታልፍ ነው ስልኳን ያነሳችው። ሳምንት ሙሉ ማንም ሳይጠይቀኝ እንደማልፍ ተስፋ አደረግሁ።

ሐሙስ ዕለት አራት ሰዓት ላይ እትዬ አልማዜ የሠርግ ቀሚሳቸውን ሊለኩ መጡ። ብርጭቆው እጄ ላይ ነበር።

«ምነው እትዬ ወርቅዬ፣ ጾም አይደሉም እንዴ?»

ክው አልኩ። ውጭ የታክሲ ረዳቶቹ «ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ!» እያሉ ይጮኻሉ። ግፊት የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ደርሳለች፤ አንድ ጊዜ ብተነፍሳት ነገሩ ያልቃል። የልጄ ሠርግ ዓይኔ ላይ መጣ። ብርጭቆውን አስቀመጥኩና አንገቴን ደፍቼ ነገርኳቸው። ባይፖላሩን፣ ኪኒኑን፣ ውኃውን፣ የወደቅኩበትን ጠዋት፣ ምንም አላስቀረሁም።

እትዬ አልማዜ ነጠላቸውን ሰብስበው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«በሽማግሌ ፊት ጤነኞች ነን አላችሁን» አሉ።

«ዋሸን።»

«በዘር ይሄዳል ይባላል።»

«ሊሄድ ይችላል። ሐኪሜን ጠይቄያታለሁ፤ ፅዮን ከሌላው ሰው ትንሽ ከፍ ያለ ዕድል አላት፣ ይመጣል ማለት ግን አይደለም አለችኝ። ቢመጣም ይታከማል። እኔ ይኸው ታክሜ ዘጠኝ ዓመት ስሰፋ ኖርኩ።»

«በመታመምዎ አይደለም የተቀየምኩት» አሉ። «ልጄን ልሰጣችሁ ነው፣ እናንተ ደግሞ እንደ ባዳ ደበቃችሁኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ» ብቻ አልኩ።

ተነሱ። በቃ፣ ሊሄዱ ነው ብዬ ፅዮንን ምን ብዬ እንደምነግራት ማሰብ ጀመርኩ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አኖሩና፣ «ኪኒኑ በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«ማታ ሁለት ሰዓት።»

«የሠርግ ግርግር አደገኛ ነው፣ ሁለት ሰዓት ላይ እንኳን ኪኒን የገዛ ስምሽንም አታስታውሺም። ከእኔ ጎን ነው የምትቀመጪው። ውኃውንም እኔ ይዤ እመጣለሁ። ለባሌ ግን ራሴ ልንገረው፤ እሱ ነገር ቀስ ሲል ነው የሚገባው።»

ሜትሩን አነሳሁ፤ እንባዬ ግን አላሳይ አለኝ። እሳቸው ሁለት ክንዳቸውን ዘርግተው ፊቴ ቆመዋል።

«ታዲያ...» አልኩ እየተንተባተብኩ፣ «ታዲያ ሠርጉ አልፈረሰም ማለት ነው?»

«የማን ሠርግ? ክንዴ ዛለ እኮ ወርቅዬ፣ ለኪ እንጂ!»